ፈረስና ስቶክ ካር፦ የጀማሪ ጥያቄዎች

ባለፈው ሴሚስተር በስፖርት ዘገባ ኮርስ የተሰጠን አሳይመንት አጭር ነበር። ክፍላችን የማያውቀውን አንድ ስፖርት በዕጣ እናወጣለን፤ ለስፖርቱ እንግዳ የሆነ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች እንሰበስባለን፤ በቀላል አማርኛ እንመልሳለን። ለአንዱ ክሪኬት ደረሰው። የዶርም ጓደኛዬ ጎልፍ ደርሷት ሳምንቱን ሙሉ «ጉድጓድ፣ ጉድጓድ» ስትል ሰነበተች። ለእኔ የወጣልኝ የአሜሪካኖቹ የስቶክ ካር ውድድር ነው። አርባ የሚጠጉ መኪኖች ሞላላ መንገድ ላይ ወደ ግራ እየታጠፉ፣ ወደ ግራ እየታጠፉ፣ ሦስት ሰዓት ያህል የሚዞሩበት ነገር ማለት ነው። መጀመሪያ ሳየው «ሰው እንዴት ይህን ቁጭ ብሎ ያያል?» ነው ያልኩት።

አሳይመንቱ ከገባ ቆይቷል፤ ውጤቱም ተለጥፏል። ጥያቄዎቹ ግን አልለቀቁኝም። ምክንያቱም እኔ ያደግሁት አዊ ዞን፣ አዘና ነው። ግቢ ውስጥ አዊ ነኝ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ፈረስ ነው፤ ጥያቄውም እኔ ስለ ስቶክ ካር የሰበሰብኩት ራሱ ነው። ሕጉ ምንድን ነው? ማን አሸነፈ? ሰው አይሞትበትም? ዋጋውስ ስንት ነው? ክረምት ቤት ስገባ እንግዲህ ያንኑ የጥያቄ ወረቀት ይዤ ለወንድሜና ለአካባቢው ፈረሰኞች አቀረብኩላቸው። ሽማግሌዎቹ «ሴት ልጅ ስለ ፈረስ ልትጽፍ ነው» ብለው ትንሽ ሳቁብኝ፤ ከዚያ ግን ማን ያስቁማቸው! ቁም ነገር ላይ ሲደርሱ ወደ አገውኛ ስለሚገቡ እየተረጎምኩ መጻፍ ነበረብኝ። ውድ አንባብያን፣ ሁለቱን ስፖርት ጎን ለጎን አድርጌ እነሆ ልበላችሁ።

ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስቶክ» ምን ማለት እንደሆነ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ፋብሪካው እንደሠራው፣ ከመሸጫው እንደወጣ፣ ያልተነካካ ማለት ነው። ቢል ፍራንስ የሚባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1948 በፍሎሪዳዋ ዴይቶና ቢች ናስካርን ሲያቋቁም ሐሳቡ ተመልካቹ በሳምንቱ ቀናት ወደ ሥራ የሚነዳው ዓይነት መኪና እሑድ ሲወዳደር ይይ የሚል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ወር ሻርሎት ከተማ ላይ በዚህ ሕግ የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። ግሌን ደናዌይ የሚባል ሾፌር በፎርድ መኪና አንደኛ ሆኖ ገባ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ፈታሾቹ ከመኪናው ስር ገብተው ሲያዩ የኋላው ባሌስትራ ተነካክቷል። ድሉ ተነጥቆ በሊንከን ለተወዳደረው ለጂም ሮፐር ተሰጠ። የፎርዱ ባለቤት ፍርድ ቤት ቢሄድም ተረታ።

ባሌስትራው ለምን ተነካካ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጣፍጠው። በዚያ ደቡባዊ የአሜሪካ ክፍል ገበሬው ቤቱ ውስጥ ውስኪ ያወጣል፤ ግብር ግን አይከፍልም። ውስኪውን በሌሊት ጭኖ በተራራ መንገድ ከፖሊስ የሚያመልጥ መኪና ጭነቱ እንዳያጎብጠው ባሌስትራው ይጠነክራል። የመጀመሪያዎቹ ዘመን ሾፌሮች ብዙዎቹ መንዳት የተማሩት በዚህ መንገድ ነው። ከታላላቆቹ አንዱ የሆነው ጁኒየር ጆንሰን 50 ውድድር አሸንፏል፤ በአባቱ የውስኪ ማውጫ ዘንድ ተይዞም ታስሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሬገን ይቅርታ አድርገውለታል። ይህን ለጎረቤታችን አረቄ አውጪ ሴትዮ ስነግራቸው «ለአረቄ ሰው ያስራሉ?» ብለው ደነገጡ። ውድድሩ ምንም አልደነቃቸውም።

ወንድሜ ግን የያዘው «ስቶክ» የሚለውን ቃል ነው። ደጋግሞ አስጠናኝ ካለ በኋላ «ታዲያ የእኛስ ፈረስ ስቶክ አይደለም እንዴ?» አለኝ።

ነው እንጂ! የእኛ ቦራ (ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው እንዲሁ ቦራ ነው የምንለው) ጥር ላይ ለውድድር ብቻ ከበረት የሚወጣ ፈረስ አይደለም። በገበያ ቀን ወንድሜን ገበያ ያደርሳል። ወፍጮ ቤት እህል ያደርሳል፤ ይህን ያህል ዓመት ጋማውን ይዤ የወፍጮ ተራ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሙሽራ ያጅባል። የታመመ ሰው ጤና ጣቢያ ያደርሳል። ለቅሶ ይሄዳል። ከዚያ ጥር ሲመጣ ይታጠባል፣ ጋማው ይበጠራል፣ ግላስ ይለብሳል፣ ወደ እንጅባራ ይወጣል። የሮጠው ፈረስና እህል የጫነው ፈረስ አንድ ነው። ቢል ፍራንስ ፈልጎ ያጣው ነገር እኛ ዘንድ ሳይፈለግ አለ ማለት ነው።

ስለ በዓሉ ለማታውቁት፦ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመተ ምሕረቱን ልብ በሉ፤ ጣሊያን ገና ከአገር ያልወጣበት ጊዜ ነው። በዓሉ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ይከበራል። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ ሥዕሉ ላይ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋውን ሰማዕት ፈረሰኛ ሁሉ የራሱ አድርጎ ነው የሚያየው። የዓድዋም ድል በ1888 ዓ.ም. የተገኘው የካቲት 23፣ በዚያው በጊዮርጊስ ቀን ነው፤ በዓሉም ዓድዋ ዘምተው የቀሩትን ፈረሶች ውለታ ያስባል። በዓለም ላይ ለፈረስ ውለታ ተብሎ የተቋቋመ ስንት ማኅበር አለ? ማኅበሩ ግን ለበዓል ብቻ አይደለም። የአባላቱ ቁጥር በአሥር ሺዎች ነው የሚነገረው፤ ሁለት ሰው ሲጣላ ያስታርቃል፣ ሰው ሲሞት ያስቀብራል። ናስካር የሚያስታርቀው ሰው የለም። እዚያ ሾፌሮች ሲጣሉ ካሜራ ነው የሚጠጋቸው፤ ለነገሩ ጋዜጠኛ ነኝና ያንን ብነቅፍ አያምርብኝም።

ወደ ቃላቱ እንምጣ። ስቶክ ካር ላይ ጀማሪን የሚያደናግረው ባንዲራው ነው። አረንጓዴ ጀምሩ ነው። ቢጫ አደጋ አለ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መቅደም የለም ነው። ቀይ ሁሉም ይቁም። ጥቁር አንድን ሾፌር ለይቶ «ና ውጣ» የሚጠራ ነው። ነጭ አንድ ዙር ቀርቷል። ጥቁርና ነጭ ዳማው አልቋል። ሌላው «ድራፍት» የሚሉት ነው፤ ፊት ያለው መኪና አየሩን ስለሚሰነጥቀው ከኋላው የተጠጋው ይቀልለዋል፤ የሚገርመው ሁለቱ ተጠጋግተው ሲሄዱ እያንዳንዳቸው ለብቻ ከሚሄዱት ይፈጥናሉ። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ሳስረዳቸው «ፈረስም ብቻውን ሲሆን ይሰንፋል» አሉኝ። የአየሩ ጉዳይ መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ፤ «የአየር አይደለም፣ የእልህ ነው» ብለው ዘጉት።

የእኛ መዝገበ ቃላት የሚጀምረው ከፈረሱ ነው። ያልተኮላሸው ድንጉላ፣ ሴቷ ባዝራ፣ ልጁ ውርንጭላ። መልኩ ቀላ ሲል ዳማ፣ ገርጣ ሲል ቡላ፣ ነጭ ሲሆን አምባላይ፣ ጥቁሩ ጉራቻ። ጭነት ብቻ የሚጫንበት አጋሰስ ነው፤ ሰውን አጋሰስ ብትሉት ግን ጠብ ነው። አካሄዱም ስም አለው። ሶምሶማ ረጋ ያለው ሩጫ ነው። ሽምጥ ሙሉ ግልቢያ ነው። ሰጋር ደግሞ የጋላቢውን ወገብ ሳያንገጫግጭ እንደ ውኃ የሚፈስ ነው። እቃውን በተመለከተ ኮርቻ፣ ልጓም፣ እርካብ፣ ግላስ። የድሮው እርካብ ጠባብ ስለነበር የሚገባበት የእግር አውራ ጣት ብቻ ነው። ታላላቆቻችን ባዶ እግራቸውን፣ በሁለት አውራ ጣት ተንጠልጥለው ነው ጦር ሜዳ የዋሉት። ጫማ አድርጌ ሞክሬው አልገባልኝም፤ አውልቄ ስሞክረው ጣቴን አመመኝ።

ናስካር ላይ መኪናው ቁጥር አለው፤ ሪቻርድ ፔቲ 43 ነው፣ ዴል ኧርንሃርት 3 ነው፤ ደጋፊ ሾፌሩን በቁጥሩ ይጠራዋል። ይህማ የእኛ ነው! ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የፈረስ ስም የሰው ስም ሆኖ ይቀራል። አባቴም የፈረስ ስም ነበረው። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሱና የጓደኞቹ ነው።

«ሕጉስ?» የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው። የናስካር ሕግ መጽሐፍ ነው፤ የመኪናው ከፍታ፣ ክብደት፣ የነዳጁ መጠን፣ ሁሉም ይለካል። የጉግስ ሕግ ያለው በሰው አፍ ነው። ሁለት ወገን ይሰለፋል። አንዱ ይወጣና ይሸሻል፤ ሌላው ያሳድደዋል። አሳዳጁ ብረት የሌለው ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፣ ወይም ከኮርቻው ወደ ጎን ተጋድሞ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ ዞሮ ተራው የእሱ ይሆናል። ወንድሜን «ክልክሉ ምንድን ነው?» አልኩት። «ፈረስ አይመታም» አለ ወዲያው። ሌላስ? አሰበ፣ አሰበና «የወደቀ ሰው ላይ አይወረወርም። ሌላውን ሰው ሲያጠፋው ታውቂዋለሽ» አለኝ። ሌሎቹን ስጠይቅ ሁለቱን ሁሉም አሏቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ላይ ግን እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፤ እኔም ደብተሬን አጥፌ ክርክሩን አዳመጥኩ።

«ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ሁለቱንም ስፖርት አስቸግሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 የመጀመሪያው የዴይቶና 500 ውድድር ሲያልቅ ሁለት መኪኖች አፍንጫ ለአፍንጫ ገቡ። ዳኞቹ ጆኒ ቦሻም አሸነፈ አሉ። ሊ ፔቲ እኔ ነኝ አለ። ቢል ፍራንስ ጋዜጠኞች ያነሱትን ፎቶና የዜና ፊልም አሰባስቦ ሲያይ ቆይቶ፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድሉን ለሊ ፔቲ ሰጠ። የሪቻርድ አባት ነው እንግዲህ። ልብ በሉ የክፍሌ ልጆች፤ አሸናፊውን የለየው የፎቶ ጋዜጠኛ ነው! እኛ ዘንድ ፎቶ ቢኖርም ነገሩን የሚዘጋው አይመስለኝም። ሽልማት የተሸለመ ይሸለማል፤ ግን አዘና ላይ ጥር 23 ማን እንደበለጠ የሚደረገው ክርክር እስከ ሰኔ እርሻ ድረስ ይቆያል፤ እርሻ ላይ የሚቆመውም ሰው ሥራ ስለሚበዛበት እንጂ ስለተስማማ አይደለም። እኔ እንደማየው ክርክሩ ራሱ የውድድሩ ግማሽ ነው።

ሰው አይሞትበትም ወይ?

ይሞታል። ዴል ኧርንሃርት ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 በዴይቶና 500 የመጨረሻ ዙር፣ የመጨረሻ መታጠፊያ ላይ ግንብ መትቶ ሞተ። በዚያው ዓመት ጭንቅላትን ከትከሻ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ግዴታ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በዋናው የናስካር ውድድር ላይ የሞተ ሾፌር የለም። ሕግ በሰው ሞት እንደሚጻፍ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። እኔን የነካኝ ግን ሌላው ነው። በቀጣዩ ሳምንት መኪናውን ኬቨን ሃርቪክ ለሚባል ወጣት ሰጡት፤ ቁጥሩን ግን ቀይረው 29 አደረጉት። 3 ቁጥር በዋናው ውድድር ላይ እስከ 2014 ድረስ አልታየም። በሞተበት ዓመት ሁሉ ውድድሩ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደርስ ተመልካቹ በሙሉ ቆሞ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ ያነሣ ነበር፤ የቴሌቪዥን ተንታኞቹም ያንን ዙር ዝም ይላሉ።

ይህን ሳነብ ላይብረሪ ውስጥ ነበርኩ፤ ወጣሁ።

አባቴ የሞተው በፈረስ አይደለም፤ ታሞ ነው የሞተው፤ እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። በለቅሶው ቀን ፈረሰኞቹ ከየቀበሌው መጡ። ቦራ ኮርቻው ተጭኖ፣ ግላሱን ለብሶ፣ የአባቴ ልብስና ጋሻው ከላይ ተደርጎ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በልጓሙ እየተሳበ በለቅሶው መሐል ዞረ። አልቃሿ ሰውየውን ትታ ፈረሱን ነበር የምትጠይቀው፤ ጌታህ የት ሄደ እያለች። ቦራም የሚያውቀውን የአባቴን ጋቢ ሽታ እያሸተተ አንገቱን ደጋግሞ ወደ ኋላ ያዞር ነበር። ሰው ስለ ፈረስ ትርኢት ሲጠይቀኝ የምነግረው እንጅባራን ነው። እኔ ራሴ ያየሁት ትልቁ ግልቢያ ግን ያ ማንም ያልጋለበው ነው።

የሾፌርና የፈረሰኛ ኑሮ እንዴት ነው ለሚለው ባጭሩ። የናስካር ሾፌር ከየካቲት እስከ ኅዳር 36 ውድድር አለበት። መኪናው ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል በአንድ ውድድር ሁለት ሦስት ኪሎ በላብ ሊያጣ ይችላል። ለጎማና ለነዳጅ ሲቆም ሠራተኞቹ አጥር ዘለው ገብተው አራት ጎማ ለመቀየር አሥር ሰከንድ ገደማ ይበቃቸዋል። የአዊ ፈረሰኛ ገበሬ ነው፤ ውድድሩ አንድ ቀን ነው፤ የቀረው ዓመት እርሻ ነው። የእሱም የጎማ ቀያሪዎች ግን አሉት፤ ስማቸው አይጠራም እንጂ። ለፈረሱ ድርቆሽ የምታቀርበው፣ ገብሱን የምትለካው፣ ኮርቻ የላጠው ገጣባ ሲኖር አጥባ ቅቤ የምትቀባው፣ ጅብ እንዳይበላው ማታ ቤት የምታስገባው እናቴና የወንድሜ ሚስት ናቸው። ግላሱን ማን ያጥባል? ይህን ጥያቄ ለሽማግሌዎቹ ሳቀርብ አንዳቸው «ቤተሰብ» አሉ። «ቤተሰብ ማን?» አልኳቸው። ሳቁና ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንድሄድ በእጃቸው አሳዩኝ። ሴት ትጋልባለች ወይ ለምትሉኝ፣ እኔ ከወፍጮ ቤት ስመለስ ጆንያው ከወረደ በኋላ ሰው እንደሌለ አይቼ በሽምጥ ለቅቄዋለሁ። ይህን ወንድሜ አሁን ገና ከዚህ ጽሑፍ ነው የሚያውቀው።

የቀረው የዋጋ ጥያቄ ነው፤ ሳዘገየው የቆየሁት አውቄ ነው።

ወንድሜ ቦራን ሊሸጥ ያስባል። ገዢም አግኝቷል። የፈረሱ ገንዘብ ላይ የዲከረንሱን ሽያጭ ጨምሮ፣ የቀረውን ተበድሮ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ፈረሱ የአባታችን ስለሆነ የእኔን እሺታ ይፈልጋል። ሒሳቡን ቁጭ ብሎ አሰላልኝ፤ እንደ ጋዜጠኛ ልፈትነው ሞከርኩ፣ ስህተት አላገኘሁበትም። መጀመሪያ ግጦሽ የለም። አዊን የምታውቁ ዲከረንስን ታውቁታላችሁ፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ግራር ነው። በአራትና በአምስት ዓመት ይደርሳል፣ ከሰል ይሆናል፣ በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይሄዳል። ፋግታ ለኮማ ላይ ኮረብታውን ሁሉ ሸፍኖታል፤ ብዙ ገበሬ በእሱ ቤት ሠርቷል፣ ልጅ አስተምሯል። የእኔም የዩኒቨርሲቲ ሻንጣና ብርድ ልብስ ከዲከረንስ ነው የተገዛው፤ ስለዚህ ዛፉን ልረግመው አልችልም። ግን ዲከረንስ በተተከለበት ፈረስ አይግጥም። ሁለተኛ ሥራው ቀንሷል። ወፍጮ ቤት ቀርቦልናል። ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው ባጃጅ ይሳፈራል። «ፈረስ ቆሞም ይበላል፤ ባጃጅ ሲቆም አይበላም» አለኝ ወንድሜ። እናቴ ከጓዳ ሆና «ባጃጅህን ለለቅሶ ግላስ ታለብሰዋለህ?» አለችው። እሱም ሳቀ፤ ግን ሒሳቡን አልደለዘውም።

እዚህ ላይ ነው ያ «ስቶክ» የሚለው ቃል የተመለሰብኝ። የዛሬው የናስካር መኪና ስቶክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሁሉም የሚወዳደሩበት መኪና ለውድድር ብቻ ተብሎ የተሠራ፣ አጽሙም ከአንድ አቅራቢ የሚመጣ ነው፤ ከላይ ቶዮታ፣ ፎርድ ወይም ሼቭሮሌት እንዲመስል ቅርጽ ይሰጡታል። የፊት መብራቱ የተለጠፈ ሥዕል ነው። አዎ፣ ሥዕል! አይበራም። መኪናው ገበያ ስለማይሄድ፣ መብራት አያስፈልገውም። ውድድሩ ግን አልሞተም፤ ሰው እስከ ዛሬ ስታዲየም ይሞላል። የእኛም በዓል አይሞትም፤ ይህን እርግጠኛ ሆኜ መናገር እችላለሁ፣ ጥር 23 እንጅባራን ያየ ሰው አይጠራጠርም። የምፈራው ሌላ ነው። ገበያ የማይሄድ፣ እህል የማይጭን፣ ለለቅሶ ብቻ ከሰው ተለምኖ የሚመጣ፣ ለጥር ብቻ የሚቀለብ ፈረስ ነው የምፈራው። ያንን የሚችለው ሀብታም ነው። የወንድሜ ዓይነቱ ሰው ያኔ አጥር ላይ ቆሞ የሚያይ ተመልካች ይሆናል፤ እኔም ለዘገባ ሄጄ አስተያየት የምጠይቀው።

ይህን ለወንድሜ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና «አንቺ ትምህርትሽን ስትጨርሺ ተመልሰሽ ገብሱን ትገዢለታለሽ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ወረቀቴ ላይ አልነበረም።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲብስ አንድ ነገር ሆነ። ጎረቤታችን ምጥ ያዛት፤ የተጠራው ባጃጅ ከእኛ በታች ካለው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወንድሜ ቦራን ጭኖ አወጣና እሷን ደግፈው ከኮርቻው አስቀምጠው፣ እሱ ልጓሙን ይዞ፣ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ይዘዋት፣ በሶምሶማ እንኳ ሳይሆን በእርምጃ አስፋልቱ ድረስ አደረሷት። ሴት ልጅ ተገላገለች። ወንድሜ ማታ ረጥቦ ሲመለስ ስለ ባጃጅ ምንም አላለም፣ ስለ ፈረስም ምንም አላለም፤ የቦራን ሰኮና ጭቃ በእንጨት ሲያስለቅቅ አመሸ። እኔ ደግሞ «መንገዱ በሚቀጥለው ዓመት ጠጠር ይለብሳል እየተባለ ነው» የሚለውን ሰምቼ ስለነበር አፌን ያዝኩ።

ወደዚህ ስመለስ መናኸሪያ ሸኘኝ። ገዢውን ከጥር 23 በፊት መልስ የለኝም ብሎታል። ኮርቻው ግን እንደዚያው ሆኖ እንጅባራ አይወጣም፤ ጠፍሩ ተበልቷል፣ የግራው እርካብ ማንጠልጠያም ሊበጠስ ነው። ቆዳ ሠሪው የጠየቀውን ግማሽ እኔ ከኪሴ ልልክ ተስማምተናል። ግማሹን እሱ ይችላል።